ሠላሳ ሁለት ወለተ ማርያም

ኅዳር 18 ቀን 1968 ዓ.ም.

ብርዱ ያው ነው። ቁርስ ቆሎ። ዓርብ ስለሆነ አይደለም፤ ሌላ ስለሌለ ነው።

የፈተናው ውጤት ተለጠፈ። የእህል ዕደላው ጽሕፈት ቤት ሁለት ጸሐፊ እፈልጋለሁ ብሎ አሥራ አንዳችን ተፈትነን ነበር። ወረቀቱ ላይ ሁለት ስም። መልአኩ ላቀው፤ እኔ። ሩቂያ ይመር።

መመሪያው ከላይ ሲወርድ ሁሉም ሰምቷል። አንዱ በፈተና ብልጫ ይቀጠር፤ ሌላው ደግሞ “ከመንግሥት ሥራ ርቆ ከቆየ ወገን” በኮታ ይግባ ይላል። ማን በየትኛው እንደገባ አልጻፉም። መጻፍ ያስፈልጋል እንዴ? አንዱ ደሴ ድረስ ሄዶ አሥረኛን የጨረሰ፣ የቁም ጽሕፈት ከአባቱ ከመሪጌታ ላቀው የተማረ። አንዷ ከከላላ የመጣች የሸማኔ ልጅ፣ ስምንተኛ ክፍል፣ ሴት፣ እስላም። ኮታ እግር አውጥቶ ቢሄድ እሷን ይመስላል።

አባባ ስነግራቸው ከዳዊታቸው ቀና አላሉም። “መሬታችንን ወስደው ለልጄ ወንበር ሰጡት” አሉ። “ወንበር አይታረስ።”

ኅዳር 21

የመጀመሪያ ቀን። አንድ ጠረጴዛ ለሁለት። አንደኛው እግሩ አጭር ነው፤ በእኔ በኩል።

የመጋዘኑ ዘበኛ አያ ቸኮል በሩ ላይ ያዘኝና “ያቺ ልጅ ማናት?” አለኝ። “ኮታ” አልኩት። በቃ። ስም ይወጣል ከቤት፣ ይቀበላል ጎረቤት… ቀትር ላይ ተሸካሚዎቹ “ኮታ ቁልፉን አምጪ” ሲሉ ሰማሁ። ሳቄን በመዝገብ ሸፈንኩ።

እሷ ግን አልተቆጣችም። “ኮታ ምንድን ነው አያ መልአኩ?” አለችኝ።

“ድርሻ ማለት ነው።”

“ድርሻ ከሆነ ጥሩ ስም ነው። በዚህ አገር ድርሻ ያለው ስንት ሰው ነው ብለህ?” አለችና ወደ ሥራዋ ተመለሰች። አያ ትበለኝ እንጂ በሦስት ዓመት ነው የምበልጣት።

ታኅሣሥ 3

የጻፍኩት ደብዳቤ ከአለቃው ተመለሰ። አናቱ ላይ “በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ” ብዬ ኖሯል። እጄ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም። የአውራጃውን ስም ደግሞ እንደ ቅዱሳን ስም በቀይ ቀለም… እሱም እጄ ነው። “ይኼ መሥሪያ ቤት ነው፣ ደብር አይደለም” አሉኝ። ፈተናውንም እንዲሁ አድርጌ ጽፌ ይሆን? አላስታውስም። ቢሆንስ፣ አልፌ የለ?

ታኅሣሥ 19

ገብርኤል። ከቤተ ክርስቲያን አርፍጄ ገባሁ። ሩቂያ የእኔን ሥራ ጨርሳ ጠበቀችኝ። “ታቦቱ በሰላም ገባ?” አለች። “ገባ።” “አልሐምዱሊላህ።” ምን ይሏታል ይቺን?

ጥር 6

አለቃችን ተቀየሩ። ንጉሥ በወረደ በዓመቱ ንጉሡ የሚባል አለቃ ላኩልን። ጓድ ንጉሡ። አንድ ጊዜ “ጋሼ” ብያቸው እንደ ስድብ ቆጠሩት። “ኢትዮጵያ ትቅደም” ብለው ይገባሉ፣ “ኢትዮጵያ ትቅደም” ብለው ይወጣሉ። ትቅደም፤ እኛ በምን እንደምንከተላት ግን አይናገሩም። እግር አልቀረንም።

“ከሁለታችሁ በብልጫ የገባው ማነው?” ብለው ጠየቁኝ። ኮሌታዬን ብቻ አስተካከልኩ። ገባቸው።

ጥር 24

ዛሬ ጉድ ፈላ።

ለቆላዎቹ ስንዴ የሚታደልበት ቀን ነበር። መዝገቡን ከገና በፊት ወርጄ የመዘገብኩት እኔ ነኝ፤ አራት መቶ ሰው፣ በቁም ጽሕፈት፣ ዐይን የሚያጠግብ። ዛሬ ስም የምትጠራው ሩቂያ ነበረች፤ ድምጿ ሩቅ ይሰማል።

“ወለተ ማርያም!” አለች።

ሠላሳ ሁለት ሴት ተነሣ።

ምን አድርጌ ነበር? “ስምሽ ማነው?” ስል በአባባ ደንብ ነው የጠየቅሁት። የክርስትና ስም! አባባ ለጸሎትም ለፍትሐትም የሚጽፉት እሱን ብቻ ነው፤ ሰው በሰማይ የሚታወቀው በእሱ ነው ይላሉ። እና እኔም በሰማይ የሚታደል ስንዴ ይመስል… ወለተ ማርያም ሠላሳ ሁለት። ወልደ ሚካኤል አሥራ ዘጠኝ። እስላሞቹንማ አልናገርም። እሺ ልናገር፤ ለራሴ አይደል? “የክርስትና ስም፦ የለውም” ብዬ ነው የጻፍኩት። አርባ ሰባት ሰው “የለውም” ተብሎ ተሰለፈ።

ከዚያ በኋላ ግፊያ። የቀደመ የሌላውን ወሰደ። አልታዬ የሚሏት ሴት፣ የክርስትና ስሟ ወለተ ጊዮርጊስ፣ ከቆላ ሌሊት ተነሥታ የመጣች፣ ተራዋ ሲደርስ “ወለተ ጊዮርጊስ ወስዳለች” ተባለች። “እኔ ነኝ እኮ እሷ!” ትላለች። አራት ወለተ ጊዮርጊስ አስቀድመው ወስደዋል። ባዶ ስልቻዋን አጣጥፋ ተመለሰች። አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር።

ጥር 25

ጓድ ንጉሡ ሁላችንንም ግቢ ሰበሰቡ። መዝገቡን አልገለጡትም። ስም ስትጠራ የነበረችው ማን እንደሆነች ጠየቁ፤ ነገሯቸው። “ሰው ያለችሎታው ሲቀመጥ ይኸው ነው” አሉ ሩቂያን እያዩ። “ኮታ እንጀራ አይሆንም!”

አያ ቸኮል አጨበጨበ። እኔ… ጫማዬን አየሁ። ጥሩ ጫማ አይደለም፣ ግን ለረጅም ጊዜ አየሁት።

አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ። እሷም አየችኝ፤ ከዚያ ወደ መሬት አየች። መዝገቡ የማን እንደሆነ አላወጣችም። ለምን?

ጥር 26

ነገ እነግራቸዋለሁ።

ጥር 27

ነገ።

የካቲት 11

ሩቂያ መዝገቡን እንደ አዲስ እያወጣች ነው። ቆላ ድረስ በእግሯ ወርዳ። እኔም ተከተልኳት፤ “ቀለም ልያዝልሽ” ብዬ። ሰበብ ነው።

እሷ “ስምሽ ማነው?” ብላ አትጀምርም። “የማን እናት ነሽ? ቤትሽ የት ጋ ነው? ጎረቤትሽ ማነው?” ትላለች። ከዚያ በኋላ ነው ስም። ስትጽፍም “አልታዬ፣ የአምባቸው እናት፣ ከወንዙ ማዶ፣ ከትልቁ ሾላ በላይ።” ጽሕፈቷ ዶሮ የጫረው ነው። ግን አልታዬ እዚያ ውስጥ አለች። በእኔ መዝገብ ውስጥ የለችም ነበር።

አልታዬ እኔን አላየችኝም። እሷን ግን “አብሽሪ ልጄ፣ ያለፈው አለፈ” አለቻት። የእኔን ጥፋት እሷ ይቅር ተባለችልኝ!

ስንመለስ ዳገቱ ላይ ጠየቅኳት። “ይኼን አመዘጋገብ ማን አስተማረሽ?”

“ማንም። በዚያ በክፉ ቀን መጠለያው ውስጥ የሟች ስም የምጽፈው እኔ ነበርኩ። ከእኛ ድንኳን ማንበብ የሚችል ሌላ አልነበረም።” ትንሽ ሄደች። “ሁለት ወለተ ማርያም ነበሩ። አንደኛዋ ሞተች። ለሌላዋ ልጅ፣ እናትሽ ሞተች አልናት። ልጅቱ አልቅሳ፣ አልቅሳ… በሦስተኛው ቀን እናቷን ውኃ ስትቀዳ አገኘቻት።”

“ታዲያ ደስ አላት?”

“እሷማ ደስ አላት። የሟቿ ልጅ ግን ሦስት ቀን ሙሉ ስትጫወት ነበር፣ አያ መልአኩ።”

አፈርኩ። ሌላ ቃል የለውም።

መጋቢት 14

ደብዳቤ ከላይ። በጀት ቀንሷል፤ ከሁለቱ ጸሐፊዎች አንዱ ይሰናበት። በብልጫ የገባው ይቆያል፣ በኮታ የገባው ይሄዳል። ጓድ ንጉሡ ጠርተውኝ “የልጅቱን የስንብት ደብዳቤ አንተ ጻፍ፣ ጽሕፈትህ ያምራል። የቅጥር ቁጥሩን ከፋይሉ አውጣ” አሉኝ።

ከከላላ ይዛቸው የወጣችው እናትና ሁለት እኅቶች አሏት። የምትከራየው ክፍል የበግ በረት ነበር።

እሺ አልኳቸው። እሺ! ምላሴ ይቆረጥ።

መጋቢት 15

ፋይሉን ገለጥኩ። ከሥር የፈተናው ውጤት። የቀድሞው አለቃ እጅ ነው፤ ልቅም አድርጌ እዚህ እገለብጠዋለሁ፣ ራሴን ማታለል እንዳልችል።

“ሩቂያ ይመር፤ 91፤ አንደኛ፤ በብልጫ ተቀጥራለች።

መልአኩ ላቀው፤ 58፤ አራተኛ። ጽሕፈቱ ግሩም ነው፤ ነገር ግን የታዘዘውን ደብዳቤ ዳዊት አድርጎታል። የደብሩ መሬት ስለተወሰደ ካህናቱ እያጉረመረሙ ስለሆነ፣ ለማረጋጋት ከካህናት ቤተሰብ አንድ ሰው በኮታ እንዲገባ ተወስኗል።”

አራተኛ። አራተኛ! ሁለተኛ የወጣው አብሮን የተፈተነው በላይ የሚባለው ልጅ ነው፤ ስሙን ሲጽፍ እንኳ ላብ የሚያጠምቀው በላይ! ኮታው እኔ ነኝ። ማረጋጊያ ነኝ። ካህናቱ እንዳይንጫጩ አፋቸው ላይ የተጣልኩ ጥሬ።

ወረቀቱን ከፋይሉ አወጣሁት። ኪሴ ውስጥ ነው። አንድ ወረቀት ብቻ ናት። መዝገብ ቤቱን የምይዘው እኔ፤ ማን ያውቃል? ክብሪትም አለ።

መጋቢት 16

ወረቀቱን ለአባባ አነበብኩላቸው። ይቆጣሉ ብዬ ነበር። መጀመሪያ በጣም ሳቁ።

“በስመ አብ ብለህ ጀመርክ? መንግሥት ፊት?”

“እጄ ነው አባባ።”

“እሰይ፣ እጅህ ከአንተ ይሻላል!” ጥምጥማቸው እስኪፈታ ሳቁ። ከዚያ ጥምጥማቸውን መልሰው ጠቀለሉ። “ልጅቱ ምን አደረገችህ?”

“ምንም።”

“ታዲያ በምን ታባርራታለህ?”

“እኛስ ምን እንበላለን?”

“እሱን አላውቅም” አሉ። “እኔ የማውቀው አንድ ነገር ነው። በስመ አብ ብሎ የጀመረ በሐሰት አይጨርስም። ካልሆነ መጀመሪያውንም አትጻፋት።”

ሊመክሩኝ ስለሚችሉ ነው የነገርኳቸው። መከሩኝ። ተናደድኩባቸው።

መጋቢት 17

ሰጠኋቸው።

ጓድ ንጉሡ ሁለት ጊዜ አነበቡት። “ይኼ ወረቀት ከአንተ እጅ ነው የመጣው?” “አዎ።” “አልጠፋም ማለት ትችል ነበር እኮ… ጠፋ ማለት ማለቴ ነው።” “እችል ነበር።” “የጥር ሃያ አራቱስ?” “መዝገቡ የእኔ ነው። ይግለጡት።” ገለጡት፤ ለመጀመሪያ ጊዜ። “የለውም፣ የለውም፣ የለውም” እያሉ ጣታቸውን አወረዱ። ከዚያ ልጅቷን በአደባባይ እንደሰደቧት በአደባባይ ይቅርታ እንዲሏት ጠየቅኋቸው። “በጽሑፍ ይሻላል” አሉ። ለዚህ ለዚህ አብዮቱ አልደረሰም።

የስንብት ደብዳቤዬን ራሴ ጻፍኩ፤ ጽሕፈቴ ያምራላ። ሦስት መስመር። በስመ አብ የለውም፣ ቀይ ቀለም የለውም። እስከ ዛሬ ከጻፍኩት ሁሉ አለቃ ያልመለሰብኝ እሱን ብቻ ነው።

በር ላይ ሩቂያ ቆማለች።

“ታውቂ ነበር?” አልኳት።

“ከኅዳር ጀምሮ። የድሮው አለቃ ነግረውኛል።”

“አራት ወር ሙሉ ኮታ ስልሽ?”

“ብነግርህ ታምነኝ ነበር?”

አላምናትም ነበር።

“በጥር ዝም ያልከው ግን አሞኛል” አለች። ድምጿን ሳታነሣ። “ኮታ ስትለኝ አልነበረም ያመመኝ። ያኔ ነው።”

ይቅርታ አልኳት። “አብሽር” ትለኛለች ብዬ ጠበቅሁ። አላለችም። ልክ ነች።

ሚያዝያ 8

ለሰው የበግ ቆዳ ላይ መልክአ ሚካኤል እጽፋለሁ። ቀይ ቀለም እንደ ልብ። ግን ይርባል።

ግንቦት 2

የመጋዘኑ ሰፋሪ አንድ ሰው ተፈለገ፤ በቀን ሠራተኛ ደንብ። ቁና ይዞ የሚሰፍር፣ ስም የሚያጣራ። የሚቀጥረው የዕደላው ኃላፊ ነው። የዕደላው ኃላፊ ሩቂያ ነች፤ በሚያዝያ ሾመዋታል።

ሰባት ሆነን ተሰለፍን። በላይም አለ፤ ያልቦታል። ሩቂያ እያንዳንዳችን ፊት አንድ ሰው አምጥታ “መዝግብ” ትላለች፤ ሌላ ምንም የለም። እኔ ፊት ያቆመቻት አልታዬን ነው። ሆን ብላ ነው! እጄ “ወለተ” ብሎ ሊጀምር ሲል በሌላው እጄ ያዝኩት።

“የማን እናት ነሽ እማማ?”

“የአምባቸው።”

“ቤትሽ?”

“ከወንዙ ማዶ። ከሾላው በላይ። አንተ የምታውቀው አይመስለኝም፤ ያን ጊዜ አልጠየቅኸኝም።”

አንደኛ ወጣሁ። ሰባት ሰው ተፈትኖ፣ በብልጫ፣ ያለማንም መመሪያ። አባባ ሲሰሙ “ቁና ለመያዝ?” ብለው እንደገና ሳቁ፤ ደስታቸውን ግን መደበቅ አልቻሉም። እኔም አልደበቅኩም።

ሥራው ሲጀመር ሩቂያ መዝገቡን ዘርግታ ተቀመጠች፤ አጭር እግር ያለው በኩል። ግቢው ሰው ሞልቶታል። አያ ቸኮል ያንን ስም ከልማዱ አልተወም፤ ባለቤቱን ብቻ ነው የቀየረው። እንደ ድሮ መኳንንት የፈረስ ስም አውጥቶልኛል። ቆላዎቹም ተቀብለውታል።

“አባ ኮታ!” አለች አልታዬ ስልቻዋን ከፍታ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። “ቁናውን አታጉድልብኝ!”

ሩቂያ ከመዝገቧ ቀና አለች። በሙሉ ጥርሷ ሳቀች።

“አቤት!” አልኩ። ቁናውን ሞልቼ፣ ከላይ አንድ እፍኝ ጨመርኩ።