ሳይከፈት የቀረው ጠርሙስ

ውድ ጋሼ፣

እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎስ እንዴት ነው? እኔ ደህና ነኝ ልበል እንጂ ደክሞኛል፤ እንቅልፍ የማይጠግነው ዓይነት ድካም። ይህን ደብዳቤ ሦስት ዓመት ሙሉ እየጀመርኩ ስቀድደው ኖሬያለሁ። ዛሬ መቅደዱም ሰለቸኝ።

ቤተ ሙከራው ስገባ የሦስት ወር ኮንትራት ያላት አዲስ ልጅ ነበርኩ። እርስዎ ደግሞ ሃያ ሁለት ዓመት ሴል ያሳደጉ፣ ሁሉም «ሞግዚቱ» የሚልዎት ሰው። ጠዋት የሴሎቹን ማሞቂያ ሣጥን፣ ኢንኩቤተሩን፣ ከፍተው «ልጆቼ፣ ራባችሁ?» ሲሉ አፌን ይዤ ስስቅ፣ «ሳቂ፤ ግን ጓንቱን ከአፍሽ አርቂ» ይሉኝ ነበር።

ሥራውን ያስረዱኝም እርስዎ ነዎት። «ይሄ ኢንፍሉዌንዛ የሚሉት እጅ የለው፣ ማድቤት የለው። ሴሉ ውስጥ ገብቶ በሴሉ ዕቃ ነው የሚባዛው። አስኳሉ ውስጥ የተባዛው ደግሞ ወጥቶ አዲስ ቫይረስ እንዲሆን፣ ሴሉ በውስጡ የሚያስተላልፈው መልእክት መድረስ አለበት። ሌባም ቢሆን በር የሚከፍትለት የቤት ሰው ይፈልጋል፣ ልጄ» አሉኝ። የምንሞክረው መድኃኒት ቫይረሱን አይነካውም ነበር፤ ሥራው ያንን መልእክት ዝም ማሰኘት ነው።

የዚያን ማክሰኞ ሙከራ አይረሱትም። ከሴሎቹ ሳህኖች ግማሹ መድኃኒቱን፣ ግማሹ ለማነጻጸሪያ መድኃኒቱ የሚሟሟበትን ፈሳሽ፣ መሟሚያውን፣ ብቻ ማግኘት ነበረበት። ሁለቱም እንደ ውሃ የጠሩ፣ ሁለቱም በአንድ ዓይነት ትንሽ ጠርሙስ ያሉ። የጨመርኩት እኔ ነኝ። ውጤቱ ሲመጣ ቫይረሱ በአንዱም ሳህን አላደገም፤ መድኃኒት አልነካውም በተባለው ሳህን እንኳ። አለቃችን መነጽሯን አውልቃ «ሴሎቹ አርጅተዋል» አለች። ከዚያ እርስዎን እያየች «ሁላችንም እናረጃለን» አለች። ሪፖርቱ ስለተቸኮለበት እንድገመው ያለ ሰው አልነበረም።

በዚያው ከሰዓት ማቀዝቀዣውን ሳጸዳ የመሟሚያውን ጠርሙስ አገኘሁት። ማሸጊያው አልተቀደደም። ለሁሉም ሳህን የጨመርኩት መድኃኒቱን ነበር።

እስከ አለቃችን በር ሄጄ ተመለስኩ። ኮንትራቴ ሊያልቅ ጥቂት ቀን ቀርቶታል፤ እናቴ ደግሞ «ልጄ ሥራ ያዘችልኝ» ብላ ለጎረቤቱ ሁሉ አውርታለች። ነገ እናገራለሁ አልኩ። ነገ ሌላ ነገ ወለደ፤ ከዚያማ ካፈርኩ አይመልሰኝ ሆነ። ሴሎችዎ ተጣሉ። እርስዎም ጡረታዎ ዓመት ከመንፈቅ ሲቀረው «ይረፉ» ተባሉ። እኔ ቋሚ ሆንኩ።

ስንብትዎ ላይ ኬኩን የቆረስኩት እኔ ነኝ። ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው «ልጄ፣ ጠርሙስ ስታነሺ ስሙን ጮክ ብለሽ አንብቢ» አሉኝ። እንደማንኛውም የትልቅ ሰው ምክር ቆጠርኩት።

ከዚያ ወዲህ ሥራችን ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ ነው። ባለፈው ሳምንት የተገዙት ሴሎች ሻጋታ ገባባቸው። አለቃችን «ናይትሮጅኑ በርሜል ውስጥ ቀዝቅዞ የተረሳ ሴል ካለ ፈልጊ» አለችኝ። ከሥር አንዲት ብልቃጥ ተገኘች፣ ቁጥሯ በእርስዎ እጅ የተጻፈ። ቁጥሩን የሴሎቹ መዝገብ ላይ ስፈልግ፣ በእርስዎው ጽሑፍ እንዲህ ይላል፦ «ከእነዚሁ ሴሎች ጥቂቱን ወስጄ ቫይረሱን ለብቻዬ ሞክሬባቸዋለሁ። በደንብ አድጓል። ሴሎቹ ጤነኞች ናቸው።» ቀኑ ከስንብትዎ ሁለት ቀን ይቀድማል።

ሴሎቹም ቫይረሱም ደህና ከነበሩ፣ የቀረው ጠርሙሱን ያነሳችው እጅ ናት። ያውቁ ነበር ማለት ነው። አውቀው ኬኬን በሉልኝ።

ተናደድኩብዎት ብል ይቀየሙኛል? ቢቆጡኝ አልቅሼ ይወጣልኝ ነበር። ዝም ሲሉኝ እኔም ዝም አልኩ፤ ነገሩ መውጫ አጥቶ ውስጤ ቀረ።

ሴሎቹን አቅልጬ ቫይረሱን ሰጠኋቸው። እንደዚያ አድጎ አይቼው አላውቅም። አለቃችን «እነዚህን ማነው ያሳደጋቸው?» አለች። «ሞግዚቱ» አልኳት። ከዚያ በላይ መናገር ግን አቃተኝ።

ስለዚህ ጻፍኩላት። ዛሬ ከሥራ ስወጣ ሁሉንም የሚናገር አጭር ወረቀት ከመዝገቡ ገጽ ጋር በበሯ ሥር ሰድጄ ነው የመጣሁት። ይቅር ይበሉኝ ለማለት እንኳ አፍራለሁ፤ ስምዎ ይጥራ እንጂ ሌላው እንደሚሆን ይሁን። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ፤ የእኔ ማደሩ በዛ።

ነገ ሦስት ሰዓት ላይ እንደምትጠራኝ አውቃለሁ። እኔ ሁለት ሰዓት ላይ ገብቼ መጀመሪያ ልጆችዎን እመግባለሁ፣ የጠርሙሱን ስም ጮክ ብዬ አንብቤ። ቢያባርሩኝም ሦስት ቀን ሳይራቡ ይቆያሉ። ከዚያ በኋላ የሚያያቸው ሰው ከጠፋ፣ መንገዱን እርስዎ ያውቁታል።

ጠርሙስ ያምታታችው ልጅዎ