በቀንድ የጠነከረው ፒን

ለተከበሩ አባቴ ለአቶ ደረበ፤

አባባ፣ ክረምቱ እንዴት ይዞዎታል? ጉልበትዎስ? ወናፉ ፊት ሲቀመጡ ያለቅስ የነበረው ዓይንዎ ተሻለው ወይ? የእማማ ወገብስ? እኛ፣ እኔና ባለቤቴ እስከዳር፣ ልጃችን ማህደርም፣ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ወባው ዘንድሮ እኔን ብቻ ይዞ ለቀቀኝ።

ይህን ጉዳይ በስልክ ልነግርዎ ሁለት ጊዜ ደውዬ፣ ስለ ዝናብ አውርቼ ዘጋሁት። አሁን ጋሽ ዘሩ አረሙን ጨርሰው ወደ ደምቢያ ስለሚመለሱ ጽፌ በእሳቸው እጅ ልኬዋለሁ። እህቴ ትሁን ስታነብልዎ አንድም ቃል እንዳትዘል ይንገሯት።

እዚህ ሽንፋ በያጅ ሆኜ ጋራዥ እንደምሠራ ያውቃሉ። የማያውቁት፣ ለእስከዳር አባት ለአቶ ባንተአምላክ ስለ እርስዎ ያልኩትን ነው። አባቴ ገበሬ ነው አልኳቸው። ልጃቸውን ለቀጥቃጭ ልጅ አይሰጡም ብዬ ነው። እስከዳርም አታውቅም ነበር። ለሠርጌ መንገድ ተዘግቷል ያልኩዎት ውሸት ነው፤ አውቶቡሱ በየቀኑ ይገባ ነበር። ከዚያ ወዲህም ልምጣ ባሉኝ ቁጥር በሙቀቱና በወባው እያሳበብኩ የመለስኩዎት በዚሁ ምክንያት ነው።

በሰኔ አቶ ባንተአምላክ የሰሊጥ መሬታቸውን ሲያርሱ፣ ማረሻውን ከትራክተሩ ጋር የሚያያይዘው ፒን አስቸገራቸው። አቧራው እንደ ሞረድ ይበላዋል፤ በሳምንት ይቀጥናል። እኔም ከአሮጌ የመኪና ባሌስትራ ሠርቼ፣ አግዬ ውሃ አጠጣሁላቸው። እሱስ አልተበላም፤ በሁለተኛው ቀን እንደ ሸክላ ተሰበረ። አቶ ባንተአምላክ ማሳው መሃል ቆመው፣ አማቼ እንዲህ ከሠራልኝ ጠላቴ ምን ቀረው አሉ። ሠራተኞቹ ሳቁ።

ያን ጊዜ እርስዎ በቀንድ የሚያጠነክሩት ማረሻ ትዝ አለኝ። ከለስላሳ ብረት አዲስ ፒን ቆረጥኩ። ከሥጋ ቤት ቀንድና ሰኮና ለቅሜ አሳርሬ ወቀጥኩ። ከከሰል ዱቄትና ከጨው ጋር ደባልቄ፣ ቱቦ ውስጥ በፒኑ ዙሪያ ጠቀጠቅኩት፤ ቱቦውን በጭቃ መረግሁ። ከጠዋት እስከ ማታ እሳት ውስጥ አቆይቼ ከነግለቱ ውሃ ውስጥ ከተትኩት። ሞረድ ብሞክርበት ቆዳው ላይ ተንሸራተተ። ውስጡ ለስላሳ ስለሆነ ደግሞ ቢመታም አይሰበርም። እስከ ዛሬ ትራክተሩ ላይ ነው።

በሐምሌ ሁለተኛውን ስሠራ አቶ ባንተአምላክ ሌሎች ባለሀብቶችን ይዘው መጡ። ከየት ተማርከው ሲሉኝ፣ ጎንደር ከቴክኒክ ትምህርት ቤት አልኩ። ከኋላቸው አንድ ሽማግሌ የአረም ሠራተኛ ቆመው ነበር፤ ጋሽ ዘሩ ናቸው፣ ያኔ አላወቅኋቸውም። የቀንዱ ሽታ ከመንገድ ጠርቶኝ ነው የገባሁት አሉ። በአገሬ ይህን የሚያውቅ ደረበ ብቻ ነው፣ የሱ ማረሻ ሦስት ክረምት አርሶልኛል፣ ታውቀዋለህ ወይ አሉኝ። ሁሉም ያዩኝ ነበር። አላውቃቸውም አልኩ።

አባባ፣ የጻፍኩት ይህን ለማለት ነው።

ከሦስት ቀን በኋላ ጋሽ ዘሩ ካረፉበት ሄጄ አባቴ ናቸው አልኳቸው። አልደነቃቸውም። ብረቱን ውሃ ከመክተትህ በፊት እንደ ደረበ ጣትህን ነክረህ ግንባርህን ስትነካ አይቼሃለሁ፣ እሱንም ቴክኒክ ትምህርት ቤት ነው ያስተማሩህ ብለው ሳቁብኝ። ማድረጌን እኔ ራሴ አላውቅም ነበር።

ማታውኑ ለእስከዳር ነገርኳት። የልጄን አያት ነው የካድከው ብላ ሁለት ቀን አላናገረችኝም። ለአባቷም ሄጄ ነገርኳቸው። ጎንበስ ብለው የጫማቸውን ክር አሰሩና ወጡ። ይኸው አሥራ ስምንት ቀን ሆነ፣ ቤታችንን አልረገጡም። አንዳንድ ሰውም በጋራዡ በር ሲያልፍ ልጁን ወደ ወዲያ ማዶ ይስባል። አቶ ባንተአምላክ ፒኑን ግን አላወለቁትም።

እንግዲህ ሁሉም የሚስቅልዎ ቤት ነው የምጠራዎ ብዬ ሌላ ውሸት አልጨምርም። በጥቅምት፣ ሰሊጡ ሲታጨድ መንገዱ ይደርቃል፤ ያን ጊዜ ይምጡ። መናኸሪያው ድረስ መጥቼ፣ ሰው ባለበት፣ አባቴ ብዬ ጉልበትዎን ስሜ እቀበልዎታለሁ። አልመጣም ካሉኝም አልፈርድብዎትም።

የእማማን ጉልበት ስሜያለሁ፤ ሰላም ይበሉልኝ። ለትሁን፣ ለባሏ ለካሌብ፣ ለልጃቸው ለሔለን ሰላምታዬ ይድረስ። እስከዳር፣ ሳላያቸው አባባ ልበላቸው ወይ ብላለች።

ከመጡ መዶሻዎን ይዘው ይምጡ።

ልጅዎ ዋለ ደረበ
ሽንፋ፣ ነሐሴ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.