መቶ አለቃ የሆንኩበት ሳምንት

ሰኞ፣ ሰኔ 25 ቀን 2004

ተሸነፍኩ። ደግሜ ተሸነፍኩ። አንድ የጎረቤት ውሪ "እትዬ፣ አንቺ ገና ተራ ወታደር ነሽ" ብሎኝ አፍንጫውን በክንዱ ጠርጎ ሄደ። እኔ ጽጌ፣ የመዝገብ ቤት ሠራተኛዋ፣ ከሥራ መልስ የቢሮ ጫማዬን እንኳ ሳላወልቅ ግቢ ውስጥ ሳፋ አጠገብ ተንበርክኬ! ሰው ቢያየኝ ምን ይለኛል።

ነገሩ እሽክርክሪት ነው። ፕላስቲክ ናት፣ ወገቧ ላይ የብረት ቀለበት አላት። ጥርስ ጥርስ ያለው ማሰሪያ ከመወርወሪያዋ ሲመዘዝ ትሾራለች። ሁለት ሰው እኩል ሳፋ ውስጥ ይለቃል፤ ቀድማ የወደቀችው ወይም ከሳፋው የወጣችው ተሸነፈች። ከሸዋ በር ነጋዴዎች እጅ ወጥታ የጀጎልን ልጅ ሁሉ አሳብዳለች። ማዕረግ አላቸው ደግሞ፦ ተራ ወታደር፣ አሥር አለቃ፣ ሃምሳ አለቃ፣ መቶ አለቃ፣ ሻለቃ። ሦስት የተለያየ ሰው ያሸነፈ አንድ ማዕረግ ይጨመርለታል። የግቢያችን ሻለቃ ሔለን ናት፣ የባለቤቴ ልጅ። አሥር ዓመቷ ነው።

ከእሷ ጋር አንድ ቤት ከገባን ዓመት ሊሞላን ነው። "እሺ"፣ "በልቻለሁ"፣ "አላውቅም"። ከእነዚህ ሌላ የምትሰጠኝ ቃል የለም። አትሰድበኝም፣ አታስቸግረኝም። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ትናንት "እስኪ እኔንም አጫውቺኝ" ብላት ቀና ብላ አየችኝና "ሻለቃ ከመቶ አለቃ በታች ካለ ሰው ጋር አይጫወትም" አለች። እስከዛሬ ያወራችኝ ረጅሙ ወሬ ይሄ ነው።

እሑድ አክስቷ ከድሬዳዋ ይመጣሉ። እትዬ አበራሽ፣ የሟች እናቷ ታላቅ እህት። ሊወስዷት ነው። ባለቤቴ ግርማ መስክ ከመውጣቱ በፊት "እሷ ትወስን" ብሎ ገላገለ፤ ራሱን ማለቴ ነው። ሹፌር አይደል፣ መኪናውን አስነሥቶ ጅጅጋ ገባ። እኔ እንድትሄድ አልፈልግም። ያቺ ዝምተኛ የሌለችበት ቤት አይታየኝም።

ስለዚህ እስከ እሑድ መቶ አለቃ መሆን አለብኝ። ወይ ጉድ።

ማክሰኞ፣ ሰኔ 26

ዛሬም ውሃ የለም። ከቦኖ ቀድቼ ዳገቷን ስወጣ ወገቤ ለሁለት የተከፈለ መሰለኝ። ቢሮ የፋይል ክምር፣ ቤት የልብስ ክምር። ደክሞኛል፣ ደክሞኛል፣ ደክሞኛል።

አሠልጣኝ ግን አገኘሁ። ሰሚራ ትባላለች፣ የአከራያችን የአዴ ዘይቱና የልጅ ልጅ። አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው፣ ማዕረጓ መቶ አለቃ። ስታየኝ ቆይታ ሳቋ መጣ። "እትዬ ጽጌ፣ አንቺ እኮ ፍየል የምትጎትቺ ነው የምትመስዪው።"

እንዳልረሳው ልጻፈው። መጎተት የለም፣ መመንተፍ ነው፤ ማሰሪያው እስከ ጫፉ ይውጣ። የያዘው እጅ አይነቃነቅ። ስትለቀቅ ቀጥ ብላ ትውረድ እንጂ አትዘንብል። ከጨዋታ በፊት ጫፏን መጥረግ፤ የኔዋ ጫፍ ላይ ፀጉር ተጠምጥሞ ነበር፣ የራሴው ፀጉር። ከትንንሾቹ ጋር ብቻ እየተጫወቱ መኮፈስ አያሳድግም፣ ትንሽ ከሚበልጡሽ ጋር ተጋጠሚ።

ዋናው ደግሞ ይሄ ነው፦ የገዛኋት ቀይዋ ለካ ሯጭ ናት። "ለጀማሪ አትሆንም" አለችኝ። "ከባዷን ግዢ። መሃል ትቁምልሽ። የሚሮጡት ራሳቸው መጥተው ይጋጯትና ይደክማቸዋል።"

"የኔ ልጅ፣ እኔ ቢሮ የምሠራው እኮ ይሄንኑ ነው" አልኳት። አልገባትም።

ከባዷን ገዛሁ። አመሻሽ ላይ ሦስት ልጅ አሸነፍኩ። አሥር አለቃ ጽጌ!

ረቡዕ፣ ሰኔ 27

ግቢው ተገለባብጧል። ረመዳን ሊገባ ሁለት ሳምንት ቀርቶታልና አዴ ዘይቱና ቤታቸውን ኖራ ሊያስቀቡ ነው። ከጣሪያ እስከ መደብ ግድግዳውን ሞልቶ የተሰቀለው ሳህንና ሰፌድ ሁሉ ወርዶ ግቢ ውስጥ ተደርድሯል። ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ኖራው ሲደርቅ ተመልሶ ይሰቀላል። እዚህ ከመጣን እንዲህ ሲሆን ሳይ የመጀመሪያዬ ነው። እግሬን የማሳርፍበት አጣሁ።

በሳህኖቹ መካከል ተጫወትን። ሃምሳ አለቃ ሆንኩ፣ በስንት መከራ። የመጨረሻዋን ስለቅ ሔለን ደረጃው ላይ ተቀምጣ ታየኝ ነበር። "ክርንሽን ዝቅ አድርጊ" አለችኝ። ማንም ሳይጠይቃት! ዝቅ አደረግሁ። አሸነፍኩ። ዞር ስል ገብታለች።

ሽሮው አርሮ ጠበቀኝ። ይረር።

ሐሙስ፣ ሰኔ 28



ሁለት ሰው አሸንፌ ለመቶ አለቃነት አንድ ቀርቶኛል። ያ የሰኞው ውሪ መጣ። ሳፋው መሃሉ ሜዳ ነው፣ ከባዷ እየተንሸራተተች ዳር ትወጣብኛለች። ጥግ ላይ ከታጠቡት መካከል አንድ ጎድጓዳ የብረት ሳህን አየሁ፤ ነጭ ቅብ፣ መሃሉ ላይ ቀይ አበባ። ለጨዋታው የተሠራ ነው የሚመስለው። አዴ ዘይቱና ከሰሚራ ጋር ጊደር መጋላ ገበያ ወርደዋል። አነሣሁት። ሔለን "እሱን ተይው" አለችኝ። ሰምቻታለሁ፤ አልሰማሁም አልልም። እኛ አገር፣ ደብረ ብርሃን፣ ሳህን ሳህን ነው፤ ይበሉበታል፣ ያጥቡታል። "ለአንድ ጊዜ ነው" አልኳት።

ከባዷ መሃል ቆመች። የልጁ መጥታ ተላተመች፣ ቋ አለ፣ የሱ ተስፈንጥራ ወጣች። እንደ ሕፃን ዘለልኩ። መቶ አለቃ!

ጎንበስ ስል አበባው ላይ ቅቡ ተልጧል። ጥፍር የሚያህል፣ ጥቁር። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች።

ልጁ እግሬ አውጪኝ አለ። አዴ ዘይቱና ወዲያው ገቡ፤ ዘምቢላቸውን ሳያስቀምጡ ነው ያዩት። አልጮሁም። ቢጮሁ ይሻል ነበር። ሳህኑን ጉልበታቸው ላይ አድርገው በጣታቸው ዳበሱት። "ይሄን እናቴ ስትድረኝ ነው የሰጠችኝ። ወላሂ፣ ሩዝ እንኳ ገብቶበት አያውቅም። የሴት ልጅ ሳህን ግድግዳ ላይ ነው የሚኖረው። ማነው?"

ከባዷን በመዳፌ ሸሸግኋት።

"እኔ ነኝ" አለች ሔለን።

አዴ ዘይቱና ወደ እሷ ዞሩ። "ልጅ ነሽ፣ አልረግምሽም። ግን እነዚህ ሁሉ ታጥበው ግድግዳ እስኪመለሱ ከኔ አትለዪም። ረመዳን እስኪገባ እዚሁ ትሠሪያለሽ።"

"እሺ።"

እሷ "እሺ" ስትል እኔ ምን አሰብኩ? እሑድ መሄድ ቀረ። ይሄን ነው ያሰብኩት። ደስ አለኝ። አምላኬ ይቅር ይበለኝ፣ ደስ አለኝ።

አርብ፣ ሰኔ 29

ቢሮ ተቀምጬ አንዱን ፋይል ሦስት ቦታ አስገባሁት። አለቃዬ "ወይዘሮ ጽጌ፣ አሞሻል?" አሉኝ። "ድካም ነው" አልኩ። ውሸት አይደለም።

ቤት ስገባ ሔለን በአመድና በሎሚ ሳህን ትፈትጋለች፣ ጣቶቿ ተጨማደዋል። አጠገቧ ቁጢጥ አልኩ። "ለምን በኔ ፈንታ አልሽ?"

"ልጅን ይምሩታል" አለች ቀና ሳትል። "ትልቅ ሰው አይምሩም። አንቺ ብትዪ ቤቱን ያስለቅቁን ነበር።"

እኔ ሌላ ነገር ልሰማ ጓጉቼ። ሞኝ ነኝ።

ከሥራዋ ስትነሳ ግን ሳፋውን በእግሯ ገፋ አደረገችልኝ። "መቶ አለቃ ሆነሻል አይደል?" ተጫወትን። ሦስቴም አሸነፈችኝ፤ በሦስተኛው የኔዋ ዘልላ ቡና ጀበና ላይ አረፈችና ሔለን ሳቀች። ጥርሷ መሃል ክፍተት እንዳለ ዛሬ ነው ያየሁት። ዓመት ሙሉ!

ዝም ብል ትቀራለች። ዝምታ ወርቅ ነው ይባላል። ግን ያ የተጨማደደ ጣት።

ቅዳሜ፣ ሰኔ 30

ተናገርኩ።

ጠዋት አዴ ዘይቱና ኖራ ሲያስበጠብጡ ሄጄ "ሳህኑን የላጥኩት እኔ ነኝ፣ ልጅቷ የለችበትም" አልኳቸው። ነጠላዬን አደግድጌ፣ ክስ እንደተመሠረተባት ሴት።

"አንቺ? በእሽክርክሪት?"

"አዎ።"

"ባል ያለሽ ሴትዮ?"

"አዎ።"

"ላ ኢላሃ ኢለላህ!" ሰሚራ ሳቋን ልትውጥ ስትታገል በማማሰያው ጎሸም አደረጓት። ከዚያ ፊታቸው ጠቆረ። "በሳህኑ አይደለም የከፋኝ። ሕፃን ስትዋሽልሽ ቆመሽ አየሽ። ይሄ ነው ነውሩ። ልጅቷ ነፃ ናት። ቅጣቱ ያንቺ ነው፤ ከሥራ መልስ ትመጫለሽ።" ቤቱን ልቀቂ አላሉኝም። እፎይ አልኩ።

እፎይታዬ እስከ በራችን አልደረሰም። ሔለን ሰምታለች። ፊቷ ቲማቲም መስሏል።

"ማን ተናገሪ አለሽ!"

"ጣትሽን አይቼ..."

"ዝም ብትዪ እቀር ነበር! አዴ ዘይቱና ከለከሉኝ እል ነበር! አሁን ምን ልበላት? አክስቴን ምን ልበላት?" በሩን ድርግም አድርጋ ወጣች።

መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ለካ መቅረት ፈልጋለች። ለካ ያጣችው የምታሳብበው ሰው ነው። "አልሄድም" ብትል የእናቷን እህት መግፋት ሆነባት፣ እናቷን ራሷን መግፋት። ግርማም "እሷ ትወስን" ብሎ ይሄን ሁሉ ያን በሚያህል ትከሻ ላይ ጣለው። እኔም ያገኘችውን አንድ ምክንያት ነጠቅኳት። አቤት የኔ ነገር! ሌላ ጊዜ የማይናገር አፍ፣ ዛሬ ተከፈተ።

ከሰዓት ሳህን ፈተግሁ። ብዙ ነው፣ አያልቅም።

እሑድ፣ ሐምሌ 1

እትዬ አበራሽ ረፋድ ላይ ደረሱ። አንድ ፌስታል ብርቱካን ይዘው፣ ላብ በላብ ሆነው። መጥፎ ሰው አይደሉም፤ ሔለንን ሲያዩ እንባቸው መጣ። እግራቸውን አጥቤ፣ ምሳ አቅርቤ፣ ጥግ ተቀመጥኩ።

"ሔሉዬ፣ ዕቃሽ የታለ?"

ሔለን የብርቱካኑን ፌስታል ጆሮ ቋጠረች፣ ፈታች።

"አባትሽ አንቺ እንድትወስኚ ብሏል። ንገሪኝ እንጂ። የእህቴ ልጅ ከኔ ጋር አልሄድም ትላለች? እናትሽ ብትኖር ምን ትል ነበር?"

ሔለን መሬት መሬት ስታይ ቆይታ አንዴ ወደኔ ቀና አለች። አንዴ ብቻ።

"እትዬ አበራሽ፣ አልሰጥዎትም" አልኩ።

"ምን አልሽ?"

"ልጅቷ የትም አትሄድም። እሷ እሄዳለሁ ብትልም አለቅቃትም።"

"አባቷ ወስኚ ያላት እሷን ነው!"

"እሱ ይበል። እኔ አላልኩም።"

"አንቺ ማን ነሽና? የወለድሻት መሰለሽ? የእንጀራ እናት!"

"ነኝ።"

ከዚያ በኋላ የወረደብኝን አልጽፈውም። ልጅ አሳሪ ተባልኩ፣ ክፉ ተባልኩ። ሰሚራ በበሩ ብቅ ብላ ተመለሰች። ግድግዳውን ተደግፌ "አይሆንም" ከማለት ሌላ አልተናገርኩም። ሔለንን አቅፈው ሳሟት፤ እሷም ጥብቅ አድርጋ አቀፈቻቸው፣ አለቀሱ ሁለቱም። "አይዞሽ፣ ይቺን ሴትዮ በሽማግሌ ነው የማናግራት" ብለዋት ወጡ። እስከ መኪናው ልሸኛቸው ብል ዞረውም አላዩኝ። አልፈርድባቸውም።

ግርማ ነገ ይገባል። ደውለውለት ይሆናል። "እንዴት እንዲህ ታዋርጂኛለሽ" ይለኝ ይሆናል፣ ምን እንደሚል አላውቅም። ሽማግሌም መጥቶ ይወስዳት ይሆናል። ዛሬ ለማሰብም አቅም የለኝም።

ራት ቀረብን። ሔለን ሳህኗን ጠርጋ በላች።

"አክስቴ በጣም ተቆጣች?"

"በጣም።"

"በኔ ነው?"

"አይ። በኔ ነው።"

"እርግጠኛ ነሽ?"

"ሲሰድቡኝ አልሰማሽም?"

ትከሻዋ ዝቅ ሲል አየሁት።

"እሺ" አለች። ሳህኗን ወደኔ ገፋችና "ጨምሪልኝ" አለችኝ።

ጨመርኩላት።