የቀማሿ ሚዛን

እሑድ፣ የካቲት 9 ቀን፣ ከሰዓት በኋላ

የምወድሽ እማዬ፣

እንዴት ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ እንዴት ነው? ጎረቤትሽ ደውላ እንቅልፍ እምቢ እንዳለሽና ቀኑን ሙሉ መስኮቱ ጋ እንደምትውይ ነገረችኝ። ይህን ደብዳቤ መነጽርሽን አድርገሽ ራስሽ አንብቢው። እሷን አታስነብቢያት፤ ደግ ናት፣ ግን ሳታውቀው ሰፈሩ ሁሉ ይሰማዋል።

ከወንድሜ ከማሙሽ ቀብር በተመለስን ማግስት፣ ወጥ ቤት ውስጥ ለብቻችን ስንቀር፣ የእጄን አንጓ በሁለት ጣትሽ ያዝሽ። ጣቶችሽ ዞረው ተገናኙ። ቀና ብለሽ አየሽኝና «አንቺም ጀመረሽ?» አልሽኝ። «ድካም ነው» ብዬ እጄን ነጠቅሁሽ። ከዚያ ወዲህ በደወልሽ ቁጥር ትጠይቂኛለሽ፣ እኔም በደወልሽ ቁጥር ወሬ እቀይራለሁ። በስልክ የሚነገር ስላልሆነ ነው። አሁን ልጆቹ ከአባታቸው ጋር ወጥተዋል፤ ቤቱ ጭር ብሏል፤ ቁጭ ብዬ ልንገርሽ።

የማሙሽ በሽታ የለብኝም። ኩላሊቴም ደሜም ተመርምሮ ደህና ነሽ ተብያለሁ። የከሳሁት ወድጄ ነው።

ማሙሽ የኩላሊት እጥበት የጀመረ ጊዜ «የእኔን አውጥታችሁ ስጡት» እያልሽ ሐኪሞቹን መግቢያ መውጫ አሳጥተሻቸው፣ ዕድሜሽ አይፈቅድም ብለው የመለሱሽ ትዝ ይልሻል? ያን ዕለት አውቶቡስ ላይ አሳፍሬሽ ስመለስ፣ ቤቴ አልገባሁም። ቀጥ ብዬ ሆስፒታል ሄድኩና ለምርመራ ደም ሰጠሁ። የእኔ ኩላሊት ገጠመ። ማሙሽ ግን አስማለኝ። «ለእማዬ ትንፍሽ እንዳትዪ። አንዱ ልጇ ታሞባት እንዲህ የሆነች፣ ሁለቱም ቢላ ስር ሊተኙ ነው ብትባል ምን ይውጣታል?» አለኝ። ስለዚህ ዝም አልኩሽ።

ቀዶ ሐኪሙ ሚዛን ላይ አወጣኝና ራሱን ነቀነቀ። «በዚህ ክብደት ቢላ አላሳርፍብሽም። ነገ በአንድ ኩላሊት ቀርተሽ ስኳር ቢይዝሽ፣ አንቺም እዚያው እጥበት ወንበር ላይ ነሽ። አሥራ ስምንት ኪሎ ቀንሰሽ ነይ» አለኝ። ማሙሽ አጠገቤ ነበር። ከክፍሉ ስንወጣ ትከሻዬን መታ አድርጎ፣ «ሰው ለወንድሙ እሳት ውስጥ ይገባል፤ አንቺ ዳቦ ቀንሺ ነው የተባልሽው፣ ምን ያስለቅስሻል?» ብሎ አሳቀኝ። እውነትም ቀላል መስሎኝ ነበር።

ሥራዬን ታውቂዋለሽ። «ልጄ ብስኩት እየበላች ደሞዝ ትቀበላለች» እያልሽ ለሰው የምትነግሪለት ሥራ። ከምድጃው የሚወጣው ብስኩት ሁሉ ከመታሸጉ በፊት በእኔ አፍ ያልፋል። ስኳሩ አንሶ፣ ጨው በዝቶ፣ ዘይቱ ሸትቶ እንደሆነ የምፈርደው እኔ ነኝ። ለእንዲህ ያለች ሴት ነው እንግዲህ የሆስፒታሉ የምግብ ባለሙያ ስልኳ ላይ የምትበላውን መመዝገቢያ የጫነችላት። ባለሙያዋ ልጅ እግር ናት፣ ቁጣ አታውቅም። «ወደ ውስጥ የገባውን ሁሉ ያኔውኑ ጻፊው። ብዙ ነው ትንሽ ነው የሚለውን ለእኔ ተዪው» አለችኝ።

«ለልጆቹ ሾርባ ስሠራ ማንኪያ ብልስስ?» አልኳት።

«ማንኪያውም ይጻፋል።»

መጻፍ ስጀምር በራሴ ደነገጥኩ። አንድም ቀን ገበታ ቀርቤ አልበላም ነበር እኮ፣ እማዬ። ትንሹ ያስተረፈውን እንቁላል ሳህን ሳጥብ፣ የልጅቷን የዳቦ ጫፍ ጫማዬን እያሰርኩ፣ ሻይ ከነስኳሩ አውቶቡስ ስጠብቅ፣ ብስኩት ደግሞ ቀኑን ሙሉ። በልቼ አላውቅም፤ ግን ሁሌ እያኘክሁ ነበር። ፋብሪካ ውስጥ ቀምሼ ወረቀት ኩባያ ላይ መትፋት ጀመርኩ። መጀመሪያ ሴቶቹ «ጸነሰች» ብለው አሙኝ። ምክንያቱ ሲነገራቸው አዘኑልኝና ኩባያውን ሳያዩ ማለፍ ለመዱ።

ማሙሽ ከፀጉር ቤቱ ሥራውን ጨርሶ ሲወጣ ይደውላል። «ዛሬ ምን በላሽ?» ይለኛል፤ የጻፍኩትን አነብለታለሁ። «ድንች! ድንች በላሽ? ምን አባሽ ታደርጊ፣ እኔ እንኳን ለኩላሊቴ ሲባል ድንች ሦስት ውሃ ካልተቀየረለት አይፈቀድልኝም» ይላል። እሱም የሚጠጣው ውሃ በልክ ነበር። ከእጥበቱ በፊት ሚዛን፣ ከእጥበቱ በኋላ ሚዛን። አንድ እናት የወለደችን ሁለት ሰዎች ለየብቻችን ሚዛን ላይ ወጥተን ስንወርድ ከረምን። ኪሎው ቀስ እያለ ይወርድልኝ ነበር።

ከዚያ ሁሉም ነገር በአንድ ጊዜ መጣ። ፋብሪካው ትልቅ ትእዛዝ ተቀበለ። አብራኝ የምትቀምሰው ልጅ ለወሊድ ወጣችና የሁለት ሰው ምላስ በእኔ አፍ ሆነ። ባለቤቴ ከነከባድ መኪናው ድንበር ላይ ተይዞ ቀረ። የትንሹ ጆሮ መገለ። ስልኩ ኪሴ ውስጥ «አልጻፍሽም፣ አልጻፍሽም» እያለ ሲጮህብኝ ድምፁን ዘጋሁት። ነገ እጀምራለሁ እላለሁ፤ ነገ ሌላ ነገር ይዞ ይመጣል። አንድ ቀን መጋዘን ውስጥ ቆሜ የተሰባበረ ብስኩት ከካርቶን እያፈስኩ ስበላ ራሴን አገኘሁት። መብላቴን ያወቅሁት እጄ ባዶውን የካርቶን ወለል ሲነካ ነው። ያ ሁሉ የወረደው ኪሎ ተመልሶ መጣ። ባለሙያዋ ስትደውል አላነሳሁም። ማሙሽ «ምን በላሽ?» ሲለኝ «እንደተባልኩት» እለው ነበር።

አንድ ከሰዓት ፋብሪካው በር ድረስ መጣ። እግሩ አብጦ ጫማ ስላልገባለት ነጠላ ጫማ አድርጓል። ዘበኛው «አባትሽ መጥተዋል» ብሎ አስጠራኝ። ስወጣ ዘበኛው በለቀቀለት ወንበር ላይ ተቀምጧል። ከእኔ በስድስት ዓመት የሚያንሰው ልጅሽ፣ እማዬ።

አየኝ። የሥራ ካፖርቴ ቁልፎች እንደገና ተወጥረው ነበርና ምንም መጠየቅ አላስፈለገውም።

«ፀጉር ቤቱን ዘጋሁት፤ መቆም አቃተኝ» አለኝ። ቀጠለና፣ «እህቴ፣ ብትተዪው አልቀየምሽም። ልጆች አሉሽ፣ ሥራ አለሽ፣ አውቃለሁ። ግን ከተውሽው ንገሪኝ። ተስፋዬን ልሰብስበው» አለኝ።

«አልተውኩትም» አልኩት።

«እሺ» አለ። ታክሲ አስገባሁትና ወደ ቅምሻዬ ተመለስኩ።

ከዚያ ቀን ወዲያ አንዲት ጉርሻ ሳትጻፍ አላለፈችም። አውቶቡስ ላይ ቆሜ ጻፍኩ፣ የልጆቹ ትምህርት ቤት ስብሰባ ላይ ጻፍኩ፣ አለቃዬ ሲቆጣኝ እጄን ኪሴ ውስጥ ከትቼ ጻፍኩ። በኋላ የተፈቀደልኝንም ሳልጨርስ መተው ጀመርኩ። ባለሙያዋ ጠርታ «ፈጠንሽ፤ ይህን ያህል አላልኩሽም፣ ሰውነትሽን እየጎዳሽው ነው» አለችኝ። «አሁን የምናተርፈው ማሙሽን ነው፣ እኔን አይደለም» አልኳት። ባለቤቴ ከድንበር ተመልሶ በር ላይ ሲያየኝ ለቅጽበት ሰው የተሳሳተ መሰለው።

ደረስኩ። ቀዶ ሐኪሙ ሚዛኑን ሁለት ጊዜ አየና ፈረመልኝ። ማሙሽ ሆስፒታሉ ኮሪደር ውስጥ ካለው መስታወት ፊት ጎትቶ አቆመኝ። ጎን ለጎን ቆመን ተያየን፤ የሁለታችንም ጉንጭ ገብቷል፣ የሁለታችንም አንገት ቀጥኗል። «አሁን ገና የአንድ እናት ልጆች መሰልን» አለ። እንደዚያ ሲስቅ ካየሁት ቆይቼ ነበር። የሳቀውን ይዤልሽ ብመጣ ደስ ባለኝ።

ቀጠሯችን ሐሙስ ነበር። እሑድ አተኮሰው። ለእጥበቱ አንገቱ ስር ያስገቡለት ቱቦ ቆሽሾ ኖሮ፣ መርዙ ደሙ ውስጥ ገባ። ማክሰኞ የሆነውን አንቺም ታውቂዋለሽ። ሐሙስ ጠዋት፣ እኔና እሱ ጎን ለጎን መተኛት በነበረብን ሰዓት፣ አፈር አለበስነው።

ቀዶ ሐኪሙን ኮሪደር ላይ አስቁሜ፣ «ቀደም ብዬ ደርሼ ቢሆንስ ኖሮ?» አልኩት። ጥሩ ሰው ነው። «እንዲህ ያለውን ማንም ሊያውቅ አይችልም» አለኝ። ይህን ሲለኝ ግን ዓይኑ ጫማዬ ላይ ነበር።

የከሳሁበት ምክንያት ይኸው ነው። ለሰው የሚነገር በሽታ የለውም። ጎረቤትሽ ከጠየቀችሽ ሥራ በዝቶባት ነው በያት።

አሁን ወደ ሴቷ ልጄ ልምጣ፤ ደብዳቤውን የጀመርኩትም ለእሷ ብዬ ነው።

ከቀብሩ በኋላ ባለሙያዋ ደውላ አለቀሰችልኝና፣ «በቃ፣ መዝገቡን ዝጊው። አሁን ዝም ብለሽ ብዪ» አለችኝ። እሺ አልኳት። ግን እጄ አልሰማ አለኝ። ለቅሶ ቤት ሰዎች የሰጡኝን አንድ ሲኒ ሻይ እንኳ ስልኬን አውጥቼ ስጽፍ አየሽኝ መሰለኝ፤ ለሥራ መልእክት የምልክ መስሎሽ ይሆናል። ቤት ውስጥ ሳህን ይቀርብልኛል፣ እቆርሳለሁ፣ አኝካለሁ፣ ከዚያ ዞር ብዬ እተፋዋለሁ። ባለቤቴ ቆጣ ብሎ አያውቅም፤ ባለፈው ግን ሚዛኑን ከመታጠቢያ ቤት አንስቶ መኪናው ላይ ጭኖት ሄደ። ፋብሪካው ውስጥ የዱቄት ሚዛን አለ። ሰው ለምሳ ሲወጣ እዚያ ላይ እወጣለሁ።

ይህንን ማንም አያይም ብዬ ነበር። ባለፈው ረቡዕ ለልጆቹ ቁርስ አቅርቤ፣ ዞሬ ቦርሳቸውን አዘጋጅቼ ስመለስ፣ ልጅቷ ያኘከችውን ዳቦ መዳፏ ላይ ተፍታ አየሁ።

«ምነው፣ ሸተተሽ?» አልኳት።

«አይ፣ ጣፋጭ ነው። ቀመስኩት፤ ይበቃኛል» አለችኝ። ቀጥላ ደግሞ፣ «እማ፣ ይቺ ስንት ተብላ ነው የምትጻፈው?» አለችና የተረፈውን ቁራሽ አሳየችኝ።

ስምንት ዓመቷ ነው፣ እማዬ። የቀሚሷ ትከሻ እየወረደ ሲያስቸግረኝ «ልብሱ ሰፍቶ ነው» እያልኩ በመርፌ ስጠብላት ከርሜያለሁ።

የፊታችን ቅዳሜ ትምህርት ቤቱ ለእረፍት ይዘጋል፤ አባቷ በእናንተ በኩል ጭነት ስላለው ይዟት ይመጣል። አንቺ ጋ ትሰንብት። ለእኔ የሐኪም ቀጠሮ ተይዞልኛል፤ ባለቤቴ ሳልሄድ ብቀር መኪናውን አቁሞ ቤት እንደሚውል ምሏል፣ ስለዚህ እሄዳለሁ። ከዚያ እመጣለሁ። ስመጣ ምግብ አቅርበሽ ፊት ለፊቴ አትቀመጪ፤ እንደ ድሮው አጠገብሽ እተኛለሁ።

ለልጅቷ ስለ አጎቷ ንገሪያት። ማሙሽ ልጅ ሆኖ ያደረገውን ቀልድ ሁሉ ንገሪያት፤ እኔ አፌን ስከፍት የሚወጣው ሌላ ነው። ከአንቺ ጋር ከአንድ ሳህን ትብላ። በግድ አታጉርሻት፣ «ከሳሽ» አትበያት፣ «ጎበዝ»ም አትበያት። ስትበላ እጇን አትመልከቺ። «አያቴ፣ ስንት በላሁ?» ብላ ከጠየቀችሽ፣ አላየሁም በያት።

ፈጣሪ ጉልበትሽን አይንሳሽ። ዓይንሽን ያበርታልኝ፤ ያለ አንቺ የማየው የለኝም። ማሙሽን ከደጋጎቹ ጋር ያኑርልን።

ልጅሽ