መብራቱን ያስጠፋኸው አንተ ነህ

ለወንድሜ ለብዙነህ፣

ለጤናህ እንደምን አለህ? ያምህ የነበረው ወገብህ ተሻለህ? ሽታዬስ፣ የማታ ሥራው አልከበዳትም? ልጃችሁ ሮቢስ እንዴት ነው? እናታችን «ሰላምታ ያላስቀደመ ደብዳቤ ከስድብ አይለይም» ትለን ስለነበር ጠየቅኩህ እንጂ፣ እውነቱን ልንገርህ፣ የወገብህ ነገር እንቅልፍ አልነሳኝም። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ሆላንድ፣ ዞተርሜር ቤታችን በሰላም ገብተናል። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። እኔም አዛውንቶቹን በየቤታቸው እየዞርኩ ወደማጥብበትና ወደማለብስበት ሥራዬ ተመልሻለሁ።

ከልጅነቴ ጀምሮ ጋሼ እያልኩ፣ እርስዎ እያልኩ ኖሬአለሁ። ልጄ ፀዲ እዚህ ተወልዳ ያደገች ናትና «አንተ» ብትልህ፣ በሰው ፊት «ስድ አሳድገሻል» ብለህ አዋረድከኝ። ከዛሬ ጀምሮ እኔም እንደ ልጄ ነኝ።

ትናንት የላክኸውን የድምፅ መልእክት ሰማሁት። ለፋሲካ ሄግን ልታይ እንደምትመጣና እኛ ቤት እንደምታርፍ ተናግረሃል። «ያ የበረሃው ቀልድም ይረሳል» ብለህ ሳቅክ። በስልክ ልመልስልህ ብሞክር ድምፅህን ከፍ አድርገህ ታቋርጠኛለህ፤ ስለዚህ እጽፍልሃለሁ።

ለገና ዕረፍት ያን ሁሉ ባሕር ተሻግረን አውስትራሊያ ድረስ ወንድሜን ልናይ መጣን። ከአደላይድ ቀኑን ሙሉ ነድተህ ኦፓል የሚባለው የከበረ ድንጋይ ወደሚቆፈርባት ወደዚያች ከተማ ስትወስደን ደስ ብሎን ነበር። ጠዋት ወጥተን ስናያት ከመሬት በላይ ይህ ነው የሚባል ነገር የላትም። ከጉድጓድ የወጣ ነጭ አፈር እንደ ምስጥ ኩይሳ በየቦታው ተከምሯል፤ ዝንቡ ዓይን ውስጥ ይገባል፤ ነፋሱ ፊት ይለበልባል። ሰዉ ሙቀቱን ሸሽቶ ቤቱንም ቤተ ክርስቲያኑንም ኮረብታው ውስጥ ፈልፍሎ ይኖራል። ፀዲ «አይጦች ናቸው እንዴ?» ብላ አሳቀችን። ባሌ ሊባኖስ ግን አብሮን አልሳቀም።

ለምን እንዳልሳቀ ታውቃለህ። ሊቢያ ውስጥ ከመሬት በታች ባለ መጋዘን ታስሮ እንደከረመ ራሴ ነግሬሃለሁ። እስከ ዛሬ ሊፍት እንደማይገባ፣ ሄግ የሚያጸዳውን ቢሮ እስከ መጨረሻው ፎቅ በደረጃ እንደሚወጣ ነግሬሃለሁ። ፀዲ ከፍ ስትል ራሱ ሊነግራት ስለሚፈልግ ከማንም እንዳትሰማ ብዬም ለምኜሃለሁ። ይህን ሁሉ ያመንኩህ ወንድሜ ነህ ብዬ ነው።

የማዕድን ጉድጓዱ በር ላይ ስንደርስ «እናንተ ግቡ፣ እኔ እዚህ ጥላው ሥር እቆያለሁ» አለ። በትሕትና ነው ያለው። አንተ ግን ሰው ተሰልፎ እያየ ክንዱን ይዘህ፣ «ሴቶቹ ሲገቡ ወንዱ ጉድጓድ ፈርቶ ይቀራል? ልጅህ ምን ትበል?» አልከው። ፀዲም ምንም ሳታውቅ «ኮም ኖው ፓፓ፣ ና እንጂ» ብላ ጎተተችው። እሷን እምቢ ማለት አቅቶት ገባ።

አስጎብኚው ሽማግሌ ስለ ድንጋዩ ሲያስረዳ ሊባኖስ ግድግዳውን በመዳፉ እየነካ ይከተለን ነበር፤ ላቡ በአንገቱ ይወርዳል። የጉድጓዱ መጨረሻ ላይ ስንደርስ፣ «እስቲ መብራቱን አጥፋልንና የድሮ ቆፋሪዎቹን ጨለማ እንየው» ያልከው አንተ ነህ። ሰውዬው ከራሱ አላመጣውም።

መብራቱ ሲጠፋ ሊባኖስ መሬት ላይ ዘጭ ሲል ሰማሁት። ከዚያ በዓረብኛ መለመን ጀመረ። ቃሉን በእንቅልፉ ሲናገረው ስለኖረ አውቀዋለሁ፤ አትምታኝ፣ ውሃ ስጠኝ ማለት ነው። ፀዲ የአባቷ ድምፅ ጠፍቷት እጄን ጨምቃ፣ «እማ፣ ማነው የሚያወራው?» አለችኝ። አንተ በዚያ ጨለማ ውስጥ ትስቅ ነበር።

መብራቱ ሲበራ ሽማግሌው ደንግጦ ውሃ አመጣለት፣ ደግፎም አወጣው። ሽታዬ ባርኔጣዋን አውልቃ ዝንቡን ስትከላከልለት ቆየች። አንተ ደግሞ «ቀልድም አይገባው እንዴ?» ብለህ ወደ ኦፓል ሱቁ መራኸን፤ በሩ ላይ አሰልፈህም ፎቶ አነሳኸን። ሊባኖስ ሱሪው አፈር እንደሆነ የቆመበትን ያን ፎቶ ለዘመድ ሁሉ በትነኸዋል።

ቤት ከገባን በኋላ አንድ ቀን እራት ላይ ፀዲ አባቷን ጠየቀችው፣ እሱም ነገራት። ሊነግራት ያሰበው አድጋ፣ ጠንክራ፣ እሱም ቃሉን መርጦ ነበር። ልጅቷ አሁን «እኔ ነኝ የጎተትኩት» እያለች ታለቅሳለች። የአንተን ጥፋት ተሸክማ ትምህርት ቤት ትሄዳለች፤ አንተ ቀልድ ትለዋለህ።

ስለዚህ ለፋሲካ ቤቴ አትምጣ። ሊባኖስ «ወንድምሽ ነው፣ ይምጣ፣ አልጋችንን እንለቅለታለን» ይላል። እሱ ሆደ ሰፊ ነው፤ እኔ አይደለሁም። መምጣት ከፈለግክ አስቀድመህ ለፀዲ ደውልና ጥፋቱ የማን እንደሆነ በገዛ አፍህ ንገራት። ሊባኖስንም ይቅርታ ጠይቀው። ያን ሳታደርግ መጥተህ ደወሌን ብትጫን አልከፍትልህም።

ለሽታዬ፣ ያቺን ባርኔጣ ለያዙ እጆቿ፣ ከልብ የሆነ ሰላምታዬ ይድረሳት። ሮቢን በሁለት ጉንጩ ሳሙልኝ። ፀዲ ለሁለቱ ሰላም በዪልኝ ብላለች፤ ያንተን ስም አልጠራችም። ሊባኖስ ለሁላችሁም፣ ላንተም ጭምር፣ ሰላም በዪልኝ ብሏል። ያንተን አልጽፍም ብዬው ነበር፤ አጠገቤ ቆሞ እምቢ ስላለኝ ጻፍኩት። ሰላምታው የእሱ ነው።

እህትህ ዓለምወርቅ
ዞተርሜር፣ ጥር 20 ቀን 2018 ዓ.ም.