እማዬ ስልኩን እንዳትዘጋው

ሰኞ፣ ኅዳር 3

አርባ ሁለት ሸሚዝ ተኮስኩ። የካውያው እንፋሎት ሲያጥወለውለኝ ሁለቴ ወደ መታጠቢያ ቤት ሮጥኩ። እዚሁ ልብስ ንጽህና ቤቱ ውስጥ ሒሳብ የምትቀበለው አክስቴ አየችኝ... ጠረጠረች መሰለኝ። እሷ ዘንድ ደግሞ ወሬ አያድርም። እማዬ ስድስት ዓመት የጠበቀችውን ከሷ አፍ ከሰማች አለቀልኝ!

ምሳ ሰዓት ላይ ደወልኩ። ከውጭ ወደ አገር ቤት የሚደወል ነው፣ ውድ ነው።

«እማዬ፣ አንድ ነገር ልነግርሽ...»

«ደህና ነሽ? እኔ ደህና ነኝ። ዝጊው፣ እየቆጠረብሽ ነው!»

ጠረቀመችው። አሥራ አንድ ሰከንድ።

መልእክት እንዳልጽፍ የሚያነብላት ጎረቤት ነው። ይሄን ጎረቤት ሊያበስራት? በጭራሽ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 5

ሲም ካርድ ሻጩ ጋ ሄድኩ። ሰውዬው ምላሱ ቅቤ ነው። አንዱ ሲም ደቂቃው ርካሽ ነው፣ ግን ስልኩ በተነሳ ቁጥር መጀመሪያ የማገናኛ ሒሳብ ይቆርጣል። ለእማዬ አሥራ አንድ ሰከንድ? ዝርፊያ ነው! ሌላኛው ቀድመሽ ትከፍያለሽ፣ ከዚያ ወሩን ሙሉ ወደ አገር ቤት ያለ ገደብ።

«እህቴ፣ እስኪደክምሽ አውሪ!»

እኔ መች ደከመኝ... ገዛሁት።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 8

«እማዬ፣ ይሄኛው አይቆጥርም፣ የፈለግነውን ያህል...»

«አይቆጥርም? ሞኛቸውን ይፈልጉ! ኋላ ነው የሚያስለቅሱሽ። ዝጊው!»

ዘጠኝ ሰከንድ። ባሰባት እኮ!

ባሌ በሳቅ ፈረሰ። ትራስ ወረወርኩበት። ከዚያ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። አክስቴ ነገ ልትደውልላት ነው።

እሁድ፣ ኅዳር 9

ዋሸሁ። እግዜር ይቅር ይበለኝ።

«እማዬ፣ አዲሱ ኩባንያ አንቺ ባወራሽ ቁጥር ለኔ ይከፍላል።»

«በደቂቃ?»

«በደቂቃ።»

ጉሮሮዋን ጠራረገች። ኧረ ጉድ! የጣሪያው ፍሳሽ፣ የጉልበቷ ቁርጥማት፣ እንቁላል እምቢ ያለችው ዶሮ... አንድ ሰዓት ከሃያ! ሲደክማት ጎረቤቷን ጠራች። «ነይ እስኪ አግዢኝ፣ ለልጄ እየሠራሁላት ነው!»

«እማዬ፣ እኔም አንድ ነገር...»

«አንቺ ዝም በይ! አንቺ ስታወሪ አይከፍሉም!»

የሥራዬን ነው ያገኘሁት።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 11

አክስቴ ፊቷን ቋጥራ ገባች። «የእናትሽ ስልክ ሁለት ቀን ሙሉ ተይዟል። ምን ነክቷት ነው?» እንጃ አልኳት። ሰኞም ለሰዓታት አውርታልኛለች።

ከሥራ ስወጣ ደወልኩ። ዶሮዋ ላይ ብቻ አርባ ደቂቃ። ከዚያ ውኃ ልትጠጣ አረፍ አለች... ያዝኳት!

«እማዬ፣ አርግዣለሁ!»

ዝም። ብርጭቆው ሲቀመጥ ሰማሁ። ከዚያ ትንፋሿ ብቻ። እኔም እንባዬ መጣ።

ቆይታ ቆይታ፣ «ልጄ... ዝም ስል ገንዘቡ ቆመብሽ?»

«አልቆመም እማዬ። ለዝምታም ይከፍላሉ።»

«እንግዲያው ትንሽ ላልቅስ» አለች። «እንዳትዘጊው።»