በምረቃው ቀን የጠጣኋት ብርጭቆ

ግንቦት 2
ለታሪክ ይመዝገብ፤ የግራ እግር ቦቲዬ ከረዥም አገልግሎት በኋላ ዛሬ ጠዋት ተቀዶ አርፏል። ሟች የአንድ ቀኝ ቦቲ ወንድም ነበሩ።

የቀረው እንደ ወትሮው። ወደ ማጣሪያ ጣቢያችን የሚገባውን የመንደሩን ፍሳሽ በወንፊት አሳለፍኩ። ጨርቅና ላስቲክ ለቀምኩ። ለኩሬው አየር የሚነፋውን ሞተር አስነሳሁ። ሰፈሩ «የኩሬዋ እመቤት» ይለኛል። ማዕረጉ ከነሽታው ነው።

ግንቦት 6
ሞተሩ ሁለቴ አስሎ ቆመ። መካኒኩ መጣ፤ ከፈተው፣ አየው፣ ዘጋው።
«ኩሽኔታው ሄዷል።»
«ወዴት?» አልኩት። አልሳቀም።
የጣቢያው ኃላፊ ጋ ደወልኩ። «ዕቃው በሂደት ላይ ነው» አለኝ። ሂደት የሚባል አገር ሳይኖር አይቀርም… የሄደ ሁሉ እዚያው የሚቀርበት።

ግንቦት 11
ቆሻሻውን የሚበሉልን ረቂቅ ተሕዋስያን ያለ አየር አይኖሩም። አለቁ። ውሃው ጠቁሯል።
«ወደ አትክልቱ ቦይ የሚወስደውን መውጫ ልዝጋው?» ብዬ ኃላፊውን ጠየቅኩት።
«ዘግተሽ የት ልታደርጊው ነው?»
እሱስ እውነቱን ነው። መንደሩ ሽንት ቤት መሄድ ይተው?

ግንቦት 14
ታናሽ እህቴን በጀሪካን ስትቀዳ አገኘኋት። ከመውጫ ቦዩ! የውሃ ጉድጓዳቸው ከደረቀ ወር ሆኖት… አልሰማሁም ነበር።
«አንቺ፣ ይሄ እኮ ለአትክልት ነው!»
«እታለም ደግሞ! ማጣሪያው ሲመረቅ በብርጭቆ ግጥም አድርገሽው የለ? ያጨበጨብነው በሕልማችን ነው?»
«አሁን ሞተሩ ቆሟል።»
«በነጠላ አጠለዋለሁ። ላንቺ ሲሆን ውሃ፣ ለእኛ ሲሆን እዳሪ?»

ምን ልበላት? ያን ቀን ኃላፊው በጆሮዬ «ከቤትሽ አምጪ፤ እንግዶቹ ምን ያውቃሉ» ብሎኝ፣ አፍልቼ በጠርሙስ ያመጣሁት ውሃ ነበር። ከኩሬው ጠብታ አልቀመስኩም። ዓይኔን ጨፍኜ «አቤት ጣዕሙ!» ያልኩት ግን ማን አዞኝ ነው? እሱን እንኳ ራሴ ነኝ የጨመርኩት።
ልንገራት? እንጀራዬስ? … ነገ።

ግንቦት 16
ነገ ብዬ ቀረሁ። የእህቴ ልጅ ታማለች። ገና ሁለት ዓመቷ። ያስመልሳታል፣ ያስቀምጣታል። ዓይኗ ጎድጉዷል። ጤና ጣቢያ ግሉኮስ ተሰክቶላታል።
ነርሷ «ምን ውሃ ነው የምትጠጣው?» አለች።
እህቴ ኮራ ብላ፣ «የተጣራ ነው! እሷ ናት የምታጣራው።»
በጣቷ እኔን እያሳየች። ነርሷ አየችኝ። እኔ ጣሪያውን አየሁ።

ግንቦት 17
የታመሙት ሕፃናት ሦስት ሆነዋል። ቦዩ ላይ ዛሬም የውሃ ቀጂ ሰልፍ አለ።
«አትጠጡ! መርዝ ነው!» ብዬ ጮህኩ።
አንድ ሽማግሌ፣ «ምነው ልጄ፣ እንዳናልቅብሽ ነው ወይስ እንዳያልቅብሽ?»
ሳቁ። እኔ ነኝ ያስለመድኳቸው… ዕድሜ ልኬን ስቀልድ ኖሬ።
ኃላፊው በስልክ፦ «አፍሽን ከከፈትሽ ሁለታችንም አለቀልን።»
ልጅቷስ?

ግንቦት 18
ለእህቴ ነገርኳት። ጠርሙሱንም፣ «አቤት ጣዕሙን»ም። ትጮኻለች ብዬ ነበር። ትሰድበኛለች ብዬ። ምነው በሰደበችኝ!
«እኔ እኮ ቆሜ ነው ያጨበጨብኩልሽ» አለች። ከዚያ በስሜ ጠርታ «ውጪልኝ» አለችኝ። በስሜ… ከተወለደች ጠርታኝ አታውቅም።

ግንቦት 19
አፌን ከፍቻለሁና ታግጃለሁ። ኃላፊው ቁልፉን ተቀበለኝ።
ቦዩ አፍ ላይ ቆርቆሮ ሰቅያለሁ፤ በቀይ ቀለም የራሴ ጽሑፍ። ከበው ያነባሉ። የሚስቅ የለም። ጀሪካኖቻቸውን ባዶ ይዘው ተመለሱ… ወዴት እንደሆነ እንጃ። ልጅቷ እስካሁን ዓይኗን አልገለጠችም። ጤና ጣቢያው በር ድረስ ሄጄ ተመለስኩ።
ጽሑፉን እዚህም እገለብጠዋለሁ፦

«እርማት። ማጣሪያው በተመረቀበት ዕለት ሠራተኛዋ ከኩሬው የተጣራ ነው ብላ በሕዝብ ፊት የጠጣችው ውሃ ከቤቷ ያመጣችው ነበር። የዚህ ቦይ ውሃ ያኔም ዛሬም ለመጠጥ አይሆንም። ቀድሞ የተነገረው በስህተት አይደለም፤ እያወቅኩ ነው።»